የባባ ጂፒኤስና የእኔ ሽቦ

ሰኞ

ዛሬ ገመዱ ዩማን ሊጥላቸው ነበር። ከመኪናው ሲወርዱ ከዘራቸው ገመዱ ውስጥ ገባና እሳቸው ወደ ውጭ ሲሉ ጂፒኤሱ ከመስታወቱ ላይ ተነቅሎ እግራቸው ስር ወደቀ። ደግነቱ ክንዳቸውን ይዤ ነበር። እሳቸው ሳቁ። ማዳም ግን በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች፤ እሷ አልሳቀችም።

ደብተሩ አዲስ ስለሆነ ነገሩን ከስሩ ልጻፈው።

ዩማ የማዳም እናት ናቸው። በዚህ አገር ቋንቋ «እናቴ» ማለት ነው፤ ቤቱ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው፣ እኔም። ጂፒኤሱ የባላቸው የባባ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ባባ በሕይወት ሳሉ የሚሄዱበትን ቦታ በሙሉ እዚያ ውስጥ አስቀምጠውታል። አርባ አንድ ቦታ። የዩማ እህት ቤት ቁርጡባ፣ የዓይን ሐኪሙ፣ ዓሣ የሚገዙበት፣ ሳልሚያ ባሕሩ ዳር ሁለቱ ይቀመጡበት የነበረው አግዳሚ ወንበር ሳይቀር። ስሞቹን በዓረብኛ የጻፏቸው ራሳቸው ናቸው። እኔ ዓረብኛ እሰማለሁ እንጂ አላነብም። ስለዚህ ዩማ ከጎኔ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡና መነጽራቸውን አድርገው ስሙን ያነባሉ፣ በጣታቸው ይጫኑታል፣ እኔ እነዳለሁ። ስልክ ላይ ያለው ካርታ መንገዱን ሁሉ ያውቃል፤ የባባን ወንበር ግን አያውቅም። ስልክ ደግሞ ማዳም መኪና ውስጥ ማየት አትፈልግም።

የመሳሪያው የራሱ ባትሪ ሞቷል። የዚህ አገር ሙቀት ጨርሶታል። ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ድርግም ነው። ስለዚህ ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት እስከ መስታወቱ ድረስ ጥቁር ገመድ እንደ ልብስ ማስጫ ተወጥሮ ይኖራል፣ ልክ በዩማ ጉልበት ፊት ለፊት። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ጎማም ቀን ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ራሱ ይወድቃል።

እኔ እዚህ ባያን የሚባለው ሰፈር ሦስት ዓመት ወጥ ቤት ነበርኩ። የበፊቱ ሾፌር ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ማዳም የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዴን አየችና የዚህን አገር ፈተና አስፈተነችኝ። በመጀመሪያው አለፍኩ። በመኖሪያ ፈቃዴ፣ በኢቃማዬ ላይም ሥራዬ ሾፌር ተባለ። ግን «ለሙከራ» ብላኛለች፤ ወረቀቱ ምንም ይበል፣ ቁልፉ የእሷ ነው። ማታ ማታ ክፍሏ በር ላይ ካለች ትንሽ ሰሃን ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት ጠይቄ እወስዳለሁ።

ዛሬ ዩማን አስገብቼ ስመለስ ማዳም ጠራችኝ። «ጽጌ፣ ይህ ገመድ እናቴን ይሰብራል። ወይ ይስተካከል ወይ ከመኪናዬ ይውጣ። ያለ እሱ መንገድ አላውቅም ካልሽ ደግሞ መክተቡ መንገድ የሚያውቅ ሾፌር አለኝ ብሏል።» መክተብ የምትለው ሠራተኛ የሚያስመጣውን ቢሮ ነው። ሰውዬው የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት ይመጣል። እኔ ወደ ድስቱ እመለሳለሁ ማለት ነው።

«እኔ እሠራዋለሁ» አልኳት። አፌ ቀደመኝ። ግን ውሸት አይደለም። ኮምቦልቻ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ አውቶ ኤሌክትሪክ ሁለት ዓመት ተምሬ ስንቱን ሚኒባስ ገመድ አስሬያለሁ። ማዳም ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ጭረት ካየሁ ኸላስ» አለች፤ አበቃ ማለቷ ነው።

አታይም።

ማክሰኞ

ዘይት ለማስቀየር ሹዌክ ሄድኩ፣ ጋራዦቹ ያሉበት። ዘይቱ እስኪቀየር የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። የሚያስፈልገኝን ዩማ ቀን ሲተኙ ጽፌው ነበር፦

— ከአሥራ ሁለት ቮልት ወደ አምስት የሚቀንስ ትንሽ ሳጥን
— ፊውዙ ቦታ ላይ የሚሰካ መንታ መያዣ፣ ከነፊውዞቹ
— ቀጭን ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር፣ ሁለት ሁለት ሜትር
— ናስትሮ፣ ሙቀት የሚችለው (ተራው እዚህ አገር ሙጫው ይቀልጣል)
— የፕላስቲክ ማሰሪያ
— የፈተሻ መብራት
— ድፍረት (እሱ አለኝ)

ሰውዬው ዝርዝሩን አይቶ «ለማን ነው?» አለኝ። ለእኔ ስለው ሌላውን ሠራተኛ ጠርቶ እንዲሰማ አደረገ። ከዚያ «እህቴ፣ አምጪው፣ በአሥር ደቂቃ እኔ እሠራልሻለሁ» ብሎ በር ላይ የቆመች መኪና አሳየኝ። ገመዱን ዳሽቦርዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር በሙጫ ለጥፎታል። ሙጫው በፀሐይ ቀልጦ ቢጫ ሆኗል። አመሰግናለሁ፣ ዕቃውን ብቻ አልኩት።

አምስት ቮልቱን እንዳልረሳ ለራሴ እጽፋለሁ። ጂፒኤሱ የሚበላው አምስት ነው፣ መኪናው የሚሰጠው አሥራ ሁለት። ሶኬቱ ውስጥ የሚገባው የገመዱ ራስ ሆድ ውስጥ መቀነሻ አለው። ጀማሪ ያንን ራስ ይቆርጥና ሽቦውን በቀጥታ ከፊውዝ ያስራል፤ መሳሪያው በአንድ ትንፋሽ ይቃጠላል። አርባ አንዱ ቦታ አብሮ ይሄዳል። ይህን ስህተት እኔ አልሠራም።

ሌላው ጭንቀቴ ቦታው ነው። ገመድ ለመደበቅ የሚቀለው በግራ በኩል ወደ እኔ በር ነው፤ ፊውዞቹም እዚያው ናቸው። ግን ዩማ በጣታቸው መድረስ አለባቸው። መሐል መሆን አለበት። ያለ ቀዳዳ፣ መሐል ላይ፣ ዩማ እጅ ስር። እያሰብኩ ቲማቲም ሁለት ጊዜ አጠብኩ።

ረቡዕ

ተሠራ።

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው የሚቆምበት ጥላ ስር ወረድኩ፣ ፀሐይ ሳትጠነክር። ከሦስት ሰዓት በኋላ ካቻቪቴ በእጅ አይያዝም፣ ያቃጥላል። በመጀመሪያ ፊውዞቹን ፈተሽኩ። ከመሪው በስተግራ ትንሽ ክዳን አለች፤ ስትከፈት ሁሉም ተደርድረው ይታያሉ። ቁልፉን አውጥቼ በፈተሻ መብራቱ አንድ በአንድ ነካሁ። አንዳንዱ ቁልፍ ከሌለ ጨለማ ነው፣ አንዳንዱ ቁልፍ ባይኖርም ያበራል። እኔ የፈለግሁት ሁልጊዜ የሚያበራውን ነው። ምክንያቱም ዩማን ስጠብቅ ሞተር ሳጠፋ ጂፒኤሱ ይጠፋል፣ ሲበራ ደግሞ ያለበትን እስኪያገኝ ስንት ደቂቃ ይፈጃል። ዩማ ይሰለቻሉ። የአጎቴም ሥርዓት ይኸው ነበር፤ ሚኒባስ መናኸሪያ ቆሞ ሰው ሲጠብቅ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ ቴፑ አይጠፋም። ቴፑ ሁልጊዜ ከባትሪው በቀጥታ ነው የሚታሰረው።

ከዚያ የባትሪውን ጥቁር ሽቦ ፈታሁ። ሥራ ሲጀመር ጥቁሩ ይቀድማል፣ ሲያልቅ ጥቁሩ ይከተላል።

ዳሽቦርዱን ለመፈልቀቅ ብረት ብጠቀም ይጫራል። የኬክ ክሬም የምንጠርግበትን ፕላስቲክ መጥረጊያ ከወጥ ቤት ይዤ ወረድኩ። ከዚያ የተሻለ መፈልቀቂያ ጋራዥ ውስጥም አላየሁ። ሬዲዮው ዙሪያ ያለው ሽፋን ቀጭ ቀጭ እያለ ተነሳ። ከኋላው መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣ ብሎን አገኘሁ። እሱን ፈትቼ ጠፍጣፋ ብረት ከስሩ አስገባሁና መልሼ አጠበቅሁት፤ ብረቱን በሽፋኑ ክፍተት አውጥቼ አጠፍሁት። ጂፒኤሱ እሱ ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀዳዳ የለም። እንዲያውም የማቀዝቀዣው ንፋስ ከስሩ ስለሚነፋው አይግልም።

ሽቦው ከፊውዙ ተነስቶ ከመሪው በታች አለፈ። የመሪውን ዘንግና ፔዳሎቹን እንዳይነካ በየስንዝሩ አሰርኩት። መቀነሻ ሳጥኑን እንዳያንኳኳ በስፖንጅ ጠቅልዬ ከሬዲዮው ኋላ አስቀመጥኩ። ጥቁሩን ሽቦ ከቦዲው ብረት ጋር አጠበቅሁ። ወደ ውጭ የሚታየው ገመድ አንድ ጣት አይሞላም።

ሽፋኑን መልሼ ስጫነው ሁሉም ቦታው ገባ። ባትሪውን አሰርኩ። ስክሪኑ በራ። ብቻዬን ጥላው ስር አጨበጨብኩ። የጎረቤቱ አትክልተኛ አየኝና እሱም አጨበጨበ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ።

ሐሙስ

ቁርጡባ ሄድን። ዩማ ሰኞና ሐሙስ እህታቸውን ይጠይቃሉ።

ከመውጣታችን በፊት ማዳም ጎንበስ ብላ አየች። ጣቷን በሬዲዮው ዙሪያ፣ በመሪው ስር፣ በወንበሩ ጎን አስኬደች። ከዘራውን ራሷ ይዛ ዩማ የሚወርዱበት ጋ ወዲህ ወዲያ አደረገችው። ምንም አልያዘውም።

«ሽቦው የት ሄደ?» አለች።

«ቤቱ ገባ» አልኳት። ፈገግ አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈገግታዋን በጣት ነው የምቆጥረው፤ ይሄኛው ተቆጥሯል።

ዩማ ደግሞ ሕፃን ሆኑ። መንገዱን ሁሉ የቦታዎቹን ስም አነበቡልኝ፣ የማንሄድበትን ጭምር። ቁርጡባ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ ስክሪኑ እንደበራ ቀረ። «አልጠፋም!» አሉ። አይጠፋም አልኳቸው፣ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው።

አስቴር የዩማ እህት ቤት ነው የምትሠራው። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ስንገናኝ መጀመሪያ እንከራከራለን፣ ከዚያ እንበላለን። መኪናውን አሳየኋት። እጇን ዳሽቦርዱ ላይ ጭና ልትጸልይለት ስትል ተይ፣ ናስትሮ አድርጌበታለሁ አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ ትዕቢት እንዳይጥልሽ» አለችኝ። በቃ፣ ዛሬ ትንሽ ብታበይ ምን አለ? ይገባኛል።

ከቀትር በኋላ ተመለስን። ማዳምና ባሏ ከልጆቹ ጋር ባሕር ዳር ወዳለው ቤታቸው ሄዱ፣ በባሏ መኪና። እስከ ቅዳሜ ማታ አይመለሱም። የእኛዋ መኪና ትቆማለች። ቁልፉን ሰሃኑ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ዓርብ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተመለስኩ። እዚህ አገር የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ እኛም ዓርብ ነው የምንሰበሰበው። ለዩማ ምሳ ሠራሁ።

ከሰዓት ዩማ በመስኮቱ ወደ ጥላው እያዩ «ጽጌ፣ የባባ መሳሪያ ነቅቷል» አሉኝ። ወጥቼ አየሁ። እውነትም ስክሪኑ ይበራል፣ ቤታችንን በትንሽ ቀስት እያሳየ። ደስ አለኝ። «ዩማ፣ እሱ አይተኛም» አልኳቸው።

«ምስኪን» አሉ።

ቅዳሜ

ልብስ ተኮስኩ። የዩማ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነገ ጠዋት ነው፤ ብዙ የተጠበቀ ቀጠሮ ነው። ነጭ ሻሽ አወጣሁላቸው። መንገዱን ቁጥር ስድስት ላይ አስቀምጠውታል፣ ባባ።

እሑድ

መኪናው አልተነሳም።

ቁልፉን አዞርኩ፣ ቀጭ አለና ዝም። ደግሜ አዞርኩ። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ መብራት ደብዝዛ በርታ ጠፋች። ጂፒኤሱ ጨልሟል። ዩማ ነጭ ሻሻቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከጎኔ ተቀምጠዋል።

ማዳም ልትወጣ ስትል ሰማች። ታክሲ ጠርታ ከዩማ ጋር ራሷ ሄደች፣ ሥራዋን ትታ። ታክሲው ሌላ በር ላይ አውርዷቸው ሲዞሩ ቀጠሮው አለፈ። ሐኪም ቤቱ ለሐሙስ ጠዋት ቀየረላቸው።

እነሱ ሲመለሱ ባትሪ ለሚያስነሳ ሰው ተደውሎ መጣ። ከራሱ ባትሪ ጋር በወፍራም ኬብል አያይዞ አስነሳው። ባትሪያችንን በእጁ መታ መታ አድርጎ «ታዕባን ነው» አለ፣ ደክሟል። ሙቀቱ ነው አለ፤ በዚህ ወቅት የሁሉም ሰው ባትሪ እንዲህ ይሆናል፣ ካስፈለገ ይቀየራል። ማዳም ራሷን ነቀነቀች። አመነችው።

እኔ አላመንኩትም። ሰውዬው ኬብሉን ሲያያይዝ ስክሪኑ ቦግ አለ፣ ቁልፍ ሳይነካ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። አጎቴ ሚኒባስ ላይ የሚያስረው ልክ ነበር፤ ሚኒባስ አንድ ሌሊት አድሮ ጠዋት ይነሳል፣ ሦስት ቀን ቆሞ አያውቅም። የዚህ ቤት መኪና ግን ከሐሙስ እስከ እሑድ ይቆማል። ጂፒኤሱ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይተኛ ባትሪውን ሲጠባው ነበር። እኔ ደግሞ አይተኛም እያልኩ ስኮራ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ድሮ ተሰክቶበት የነበረው ሶኬት ቁልፍ ሲወጣ አብሮ የሚጠፋ መሆኑ ነው። መሳሪያው በደንብ ይተኛ ነበር። የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ።

ሰውዬው ሲናገር ዩማ እኔን አዩኝ። ዓርብ በመስኮቱ ያዩትን ያስታውሳሉ። ከዘራቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። ከዩማ ሌላ ማንም አያውቅም። ነገ ጠዋት ቀስ ብዬ ፊውዙን ብቀይር በባትሪው ተሳብቦ ይቀራል። አፍሬያለሁ፣ በእውነት አፍሬያለሁ። ከሱቁ ሰውዬ ቢጫ ሙጫ የእኔ ሥራ ይሻላል እያልኩ የተኩራራሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ

ነገርኳት።

ቁርስ ላይ ብቻዋን ነበረች። ሻይዋን አስቀመጥኩና አልሄድኩም። «ማዳም፣ ባትሪው አይደለም፣ የእኔ እጅ ነው» አልኳት። የት እንዳሰርኩት፣ ለምን እንዳሰርኩት ነገርኳት። ዓረብኛዬ ሲጠፋኝ በማንኪያና በሻይ ብርጭቆ አስረዳኋት፤ ማንኪያው ጂፒኤሱ፣ ብርጭቆው ባትሪው። ሲጠጣ ሲጠጣ አለቀ።

ማንኪያውን ከብርጭቆው አወጣች። ከዚያ «ሰውዬው ባትሪው ነው ብሎኛል። አንቺ ለምን እኔ ነኝ ትያለሽ?» አለች።

«ባትሪው ቢቀየር የሚመጣው እሑድ ደግሞ ይሞታል» አልኳት። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። ሙሉው፣ መኪናውን የምነዳው እኔ ከሆንኩ ጥፋቱም የእኔ እንዲባል ፈልጌ ነው። ይሄን በዓረብኛ አልቻልኩበትም።

ሻይዋን ጨረሰች። «አስተካክይው። ከዚያ ቁልፉን አምጪ። እስከ ሐሙስ ጠዋት ማንም አይነካውም። ከተነሳ እናቴን ሐኪም ቤት ትወስጃለሽ። ካልተነሳ የመክተቡ ሰውዬ ከሰዓት ይመጣል፣ ዜን?»

ዜን አልኳት። እሺ ማለት ነው። ሌላ ምን እላለሁ።

ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ጥቁሩን መጀመሪያ ሳልፈታ እንደገና ፈተሽኩ፣ አሁን የተገላቢጦሽ። ቁልፍ ሲገባ የሚያበራ፣ ሲወጣ የሚጨልም ፊውዝ። የኤርባግና የፍሬኑን አልነካም፣ እነሱ ሰው የሚያድኑ ናቸው። የሲጋራ መለኮሻውን ፊውዝ መረጥኩ፤ ጂፒኤሱ ድሮም የሚያውቀው ቤቱ ነው። ጥቁሩን ፈትቼ መንታ መያዣውን እዚያ ሰካሁና ጥቁሩን መልሼ አሰርኩ። ቁልፍ አስገባሁ፣ በራ። አወጣሁ፣ ጠፋ። አስገባሁ፣ በራ። አወጣሁ፣ ጠፋ። አሥር ጊዜ ያህል። ከዚያ ባትሪው እንዲሞላ ሞተሩን አስነስቼ ሰፈሩን ለረጅም ጊዜ ዞርኩ፣ ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ፣ መስኮት ከፍቼ። የተቀቀልኩ ያህል ሆኜ ተመለስኩ።

ቁልፉን ሰሃኑ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ዩማ ዛሬ እህታቸው ጋ በታክሲ ሄዱ። ከዚያ ሲመለሱ አስቴር የላከችልኝን ዳቦ አመጡልኝ። አስቴር በስልክ ድምፅ ልካለች፦ «ሰማሁ። ስጸልይልሽ ናስትሮ አለበት አልሽ አይደል?» ሳቅኩ፣ ከልቤ።

ማክሰኞ

መስኮቱ ጋ አራት ጊዜ ሄድኩ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጥቁር መሆኑ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ጥርጣሬ፦ ባትሪው አንዴ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኗል። እንዲህ የሆነ ባትሪ አንዳንዴ እንደ ድሮው አይመለስም፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ። ያ ከሆነ ሥራዬ ልክ ሆኖም መኪናው ላይነሳ ይችላል። ማን ያምነኛል ታዲያ?

ማዳም ስለ መኪናው አላነሳችም። የመክተቡ ሰውዬ መምጣቱ ቀርቷል ወይ ብዬም አልጠየቅሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ አስተካከልኩ፤ ወደዚያ ከተመለስኩ ቅመሞቹ በሥርዓት ይጠብቁኝ።

ረቡዕ

ጾም ነው፣ ሽሮ በላሁ። ስክሪኑ ጥቁር። አሸዋ የያዘ ነፋስ ነፍሶ መኪናውን አቧራ አልብሶታል። ልጠርገው ብዬ ማንም አይነካውም የተባለው ትዝ አለኝና ተመለስኩ።

ዩማ መነጽራቸውን እየወለወሉ «ነገ አንቺ ነሽ የምትወስጂኝ» አሉ። እንደ ጥያቄ አልነበረም።

ሐሙስ

ተነሳ።

በአንድ ጊዜ። ማዳም ቁልፉን ራሷ ከሰሃኑ አውጥታ ሰጥታኝ ከመኪናው ፊት እጇን አጣጥፋ ቆመች። ዩማ ከጎኔ ነበሩ። ቁልፉን አስገባሁ፣ ስክሪኑ በራ። አዞርኩ፣ ሞተሩ ያለ ምንም ማመንታት ተነሳ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ማዳም አንዴ ራሷን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ሄደች። ያው እሷ ናት።

ዩማ ቁጥር ስድስትን ተጫኑ። ትክክለኛው በር ላይ፣ ሩብ ሰዓት ቀድመን ደረስን። ሐኪሙ ዓይናቸው ጥሩ ነው አላቸው፤ ጠብታ ብቻ ሰጣቸው።

ስንመለስ ሌላ ስም ተጫኑ። የት ነው ስላቸው «ንጂ» አሉኝ። ነዳሁ። ሳልሚያ ባሕሩ ዳር አወጣን፣ ከአግዳሚ ወንበሩ ፊት ለፊት። ውጭው ስለሚያቃጥል አልወረዱም፤ በመስታወቱ አዩት። መስኮቶቹን ትንሽ ዝቅ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን አወጣሁ። ስክሪኑም ጨለመ።

«ሞተ?» አሉኝ።

«አይ ዩማ፣ ተኛ።»

ባሕሩን እያዩ ቆዩ። «ባባም እዚህ ሲደርስ ይተኛ ነበር» አሉ። «እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይተኛል።» ሳቁ፣ ከዚያ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ወደ ሌላ በኩል አየሁ። ሙቀቱ ሲበረታ ቁልፉን መለስኩ፣ መሳሪያው ነቃ፣ ወደ ቤት ሄድን።

ከሰዓት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ እወጣለሁ። አንዴ ውሃ የሚያመጣው ነበር፣ አንዴ የልብስ ንጽሕና ቤቱ። የመክተቡ ሰውዬ አልመጣም። መሽቶ እራት አነሳሁና እንደ ሁልጊዜው ቁልፉን ልመልስ ወጣሁ። ሰሃኗ በሩ ላይ የለችም። ከታች አየሁ፣ ከኋላ አየሁ፣ የለችም። ማዳም በተከፈተው በር ውስጥ ወረቀት እያነበበች ነበር።

«ማዳም፣ ቁልፉን የት ላድርገው?»

ቀና አላለችም። «የሾፌር ቁልፍ ሾፌሯ ጋ ነው የሚቀመጠው» አለች።

ወደ ክፍሌ ስሄድ ዩማ ሳሎን ተቀምጠው ቴምር እየበሉ ነበር። የቁልፉን ሰሃን ጭናቸው ላይ አየኋት። ፍሬዎቹን እዚያ ውስጥ እየጣሉ ነው።

ቁልፉ አሁን ደብተሩ ላይ ነው። በቀኝ እጄ እየጻፍኩ በግራው ይዤዋለሁ።